ከፎቶው ጀርባ የጻፍኩለት

አዛናው ጀጃው ያነሳውን የመጀመሪያ ፎቶ ባየሁ ቀን ሳቄ ሸሕዲ መናኸሪያ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። አባቱ አቶ ጀጃው፣ የአምስት ትራክተር ጌታ፣ በአዲሱ ትራክተራቸው ፊት ደረታቸውን ነፍተው ቆመዋል። የትራክተሩ ጭስ ማውጫ ደግሞ ከመሀል አናታቸው ቀጥ ብሎ ወጥቷል።

«አባትህ ጭስ ማውጫ ያበቀሉት መቼ ነው?» አልኩት።

አልሳቀም። አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው ካሜራ ሁለት የእርሻ በሬ ይገዛል። እንዲያ ያለ ዕቃ እንዲህ ያለ ሰው እጅ ወድቆ ማየት፣ ምን ልበላችሁ፣ አህያ በፈረስ ተቀምጣ ስትሄድ እንደማየት ነው።

«አትሚ ነው ያልኩሽ፤ ተናገሪበት መቼ አልኩ?»

«መናገሩ በነጻ ነው።»

እኔ ስርጉት ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከትምህርት ጋር ሰባተኛ ክፍል ላይ ተጣልተን ተለያይተናል፤ እስካሁንም አልታረቅንም። በሐሚዳ ፎቶ ቤት ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፣ አትማለሁ፣ በመቀስ እከረክማለሁ። በቀን ስልሳ ፊት አያለሁ፤ ስለዚህ ፊት አውቃለሁ። አባቴ ደረበ የእኚያው የአቶ ጀጃው ትራክተር ነጂ ናቸው። በደንቡ ቢሆን የጌታው ልጅ ፊት አፌን መያዝ ነበረብኝ። አፌ ግን ደንብ አያውቅም።

ጥቅምት ነበር። ሰሊጥ ታጭዶ፣ ነዶው እየታሰረ በየማሳው ሂላ በምንለው ክምር የቆመበት ወር። ኢንተርኔቱ ተዘግቷል፤ ስልክ ራሱ ሲፈልግ ነው የሚሠራው። ፎቶ የሚታየው ታትሞ ብቻ ነው። አዛናውም በየቅዳሜው ሚሞሪውን በኪሱ ይዞ ከእርሻው ይመጣል፤ እኔም በየቅዳሜው አርደዋለሁ።

ጀንበር ስትጠልቅ አንስቶ መጣ። አሥራ አንድ ፎቶ፣ አሥራ አንዱም ጀንበር። «ጀንበሯ አንተን ሳትጠይቅ ነገም ትጠልቃለች» አልኩት። የማሽላ ማሳ አንስቶ መጣ፤ መሬቱ በአንድ ጎን አዘንብሏል። «አገሩን በሙሉ ወደ ሱዳን ደፍተኸዋል። ቶሎ አቃናው፣ ማሽላው ሳይፈስ።» ግመል አንስቶ መጣ፤ ከሩቅ። «ይህን በጥፍሬ ልገድለው ነበር። ቁንጫ መስሎኝ።»

ጆሮው ብቻ ይቀላል። ፎቶዎቹን ሰብስቦ በፖስታ ይከትና ይወጣል። አራተኛው ቅዳሜ ላይ ግን ፖስታውን ባንኮኒው ላይ ጥሎት ሄደ።

እትዬ ሐሚዳ ከመጋረጃው ኋላ ሆነው ሁሉን ሰምተዋል። የፎቶ ቤቱ ባለቤት እሳቸው ናቸው፤ ፎቶ ማንሳት የጀመሩት ፊልም በሚታጠብበት ዘመን ነው።

«አንች ልጅ፣ መትፋትማ ግመልም ይችላል» አሉኝ። «ልጁ እኮ እዚህ የሚመጣው ወረቀት አጥቶ አይደለም። እንዲማር ነው። መጀመሪያ የሆነለትን ንገሪው። ቀጥለሽ ያልሆነለትን፤ አንዱን ብቻ! ከዚያ ምን ቢያደርግ እንደሚሻለው። ኸላስ፣ በቃ። ከዚያ በላይ የጨመርሽው ለራስሽ ደስታ ነው።»

«የሆነለት ቢኖር አይደል የምነግረው!»

«ፈልጊ።»

ፖስታውን ከፍቼ ፈለግሁ። አመመኝ እንጂ አገኘሁ። አንድ አጫጅ በሂላዎቹ መሀል ቆሟል፤ የሂላዎቹ ጥላ መሬቱ ላይ ተራ በተራ ተጋድሟል፣ ደስ ይላል። ሰውየው ግን እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ ተቆርጦ ቀርቷል። ገልብጬ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩ።

«የሆነልህ፦ ጥላው። ያልሆነልህ፦ የሰውየው እግር። ጅብ በላው? ምን ታድርግ፦ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሂድ።»

ጅቡ ለራሴ ደስታ ነው። ሁሉንም መተው አልቻልኩም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሚሞሪው ጋር ከደብተር የተቀደደች ብጣሽ ወረቀት ሰጠኝ። በቁሜ አነበብኳት።

«ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ። ጉድጓድ ገባሁ። ፎቶው ግን ሙሉ ነው።»

ቀና ስል እያየኝ ነው። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል። ልስቅበት አሰብኩ፤ ሳቁ ደረቴ ላይ ደርሶ ሌላ ነገር ሆኖ ቀረ።

በዚህ ዓይነት ክረምት ተቃረበ። ከፎቶ ጀርባ እጽፍለታለሁ፣ በብጣሽ ይመልስልኛል። ሰው ሁሉ መሀል ላይ እንደ ምሰሶ ማቆሙን ተወ። ከኋላ ምን እንዳለ ማየት ጀመረ። የስድብ ቁጥር እየቀነሰብኝ ሄደ፤ ይህ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ አናደደኝ። ሰው ዝም ብሎ እንዴት ይሻሻላል?

አንድ ቅዳሜ ግድግዳችን ላይ የለጠፍኳቸውን ጉርድ ፎቶዎች ቆሞ ሲያይ ቆየ። አርባ ፊት አለ እዚያ ላይ፤ የእጄ ሥራ።

«እኔም ልናገር?» አለኝ።

«ተናገር። በነጻ ነው።»

«የሆነልሽ፦ ብርሃኑ። አንድም ፊት ላይ ጥላ የለም።» ወደ ግድግዳው ጠጋ አለ። «ያልሆነልሽ፦ ሁሉም ፈርተውሻል።»

«ምን?»

«ተመልከች። ፖሊስ የያዛቸው ነው የሚመስሉት።»

እኔ ሰው ሳነሳ እጮሃለሁ። «ቀና በል! ጆሮህን አሳይ! አትንቀሳቀስ!» ጊዜ የለማ። የሱ አባት ትራክተር ሲገዙ የኔ ሥራ ወረፋ ማሳጠር ነው። ይህን ሁሉ ነገርኩት። የአባቱን ትራክተር አምስቱንም ሰደብኩ። ማሳውን ሰደብኩ። ካሜራውን ይዞ ለሠርጉ ቀን ይቆጥበው አልኩት። እሱ ግን ቆሞ ሰማኝና፣

«‹ምን ላድርግ› ብለሽ አልጠየቅሽኝም» ብሎ ወጣ።

ሦስት ቀን አልጠየቅሁም፤ እሱም እርሻው ላይ ነበር። በአራተኛው ቀን አንድ የወሎ ልጅ ለመታወቂያ ፎቶ ሊነሳ ገባ። ነጩ ጨርቅ ፊት ተቀመጠና ገና ሳልጮህ ትከሻውን ሰበሰበ። ያኔ ታየኝ። አፌን ዘጋሁ።

«አገርህ ወዴት ነው?» አልኩት።

«ደላንታ።»

«እዚያ ማን አለህ?»

«እናቴ አለች» አለ፤ ትከሻው ሲወርድ አነሳሁት።

ያን ፎቶ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ቅዳሜ አዛናው ገባ፣ አየው፣ ደግሞ አየው። ዞሮ እኔን አየኝ። መብራት የጠፋ ጊዜ ነበር፤ ቬንቲሌተሩ ቆሟል። ፊቴን ያጋለው ሙቀቱ ነው ብዬ ለእትዬ ሐሚዳ ነገርኳቸው። እሳቸውም «አዎን፣ ሙቀቱ ነው» አሉኝ፤ ሲሉ ግን መጋረጃውን ዘጉት።

በሐምሌ ዝናቡ ዋልካውን ማቡካት ሲጀምር አባቴ ከእርሻ መጡ። ቡትስ ጫማቸውን ደጃፍ ላይ አወለቁና ሳይቀመጡ ተናገሩ።

«ጌታው የዘመድ ልጅ አላቸው፣ ገለጉ። ቢያድግልኝ ይባላል። የራሱ እርሻ ያለው ነው። አንችን ለሱ ጠይቀዋል።»

እናቴ እልልታ ልትጀምር አፏን ከፍታ የኔን ፊት አየችና ዘጋችው።

«መንገዱ እንዲህ ተዘግቶ ሊያዩሽ አይመጡም» ቀጠሉ አባቴ። «ትራክተር ብቻ ነው የሚያልፍ። ፎቶሽ ይሂድ ብለዋል። ያሳደገችው አክስቱ አይታ ከወደደችሽ በመስከረም ሽማግሌ ይልካሉ።»

«እምቢ ብልስ?»

አባቴ እጃቸውን አዩ። ሃያ ዓመት መሪ የጨበጠ እጅ ነው። «እምቢ ካልሽ፣ እኔም ነገ ጠዋት ጌታው ፊት ቆሜ ትራክተሩ ላይ እወጣለሁ ለማለት አፍ የለኝም» አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ፎቶውን የሚያነሳሽ አዛናው ነው። አባቱ ልከውታል፤ እሑድ ይመጣል።»

ያን ጊዜ ትንሽ ተነፈስኩ። እንዲያውም ልስቅ ምንም አልቀረኝ። እግር ቆራጩ! አገር ደፊው! ገለጉ የምትሄደው ስርጉት እግር የሌላት፣ ግማሽ ጆሮ ያላት፣ ከአናቷ የቤት ምሰሶ የወጣ ጉድ ትሆናለች።

እሑድ መጣ። እናቴ ሹሩባ ሠርታኛለች፣ ነጭ ቀሚስ አልብሳኛለች፤ በዚያ ሙቀት ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። ለአፍታ ወደ ጓዳ ስትገባ ተጠጋሁት።

«እንደ ድሮህ አንሳኝ» አልኩት በሹክሹክታ። «እግሬን ቁረጠው። ድፋኝ። ገባህ?»

«እ» አለ።

ከዚያ ምን አደረገ መሰላችሁ? ከኋላዬ የነበረውን ቢጫ ጀሪካን አነሳና ወደ ጥግ ወሰደው። በርጩማዬን ወደ በሩ አስጠጋ፣ ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣ። ሰው ሊያበላሽ ጀሪካን አያነሳም። ሁለት ሦስቴ ጠቅ፣ ጠቅ አደረገ፤ እኔ ፊቴን አጨፈገግሁ። እሱ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ… ከደጃፉ ተሻገረና ዝናቡ የቆፈረው ቦይ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገባ።

ካሜራውን ግን ከፍ አድርጎ ይዞታል። ከጭቃው ውስጥ ሆኖ ቀና ብሎ አየኝ፤ ፊቴን ማጨፍገጉን ረሳሁት። ጠቅ።

በማግስቱ ሚሞሪውን ለእትዬ ሐሚዳ ሰጥቶ ሄደ። ማተሙ የኔ ሥራ ነው። እኔኑ የሚወስደኝን ፎቶ እኔው ላትም! ማሽኑ ወረቀቱን ቀስ እያለ ሲያወጣ መጀመሪያ ሹሩባዬ መጣ፣ ግንባሬ፣ ዓይኔ።

ስህተት ፈለግሁ። እግር አልተቆረጠም። ከኋላ ምንም የለም። ፊቴ ከመሀል ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ብርሃኑ በአንድ ጉንጬ ወርዷል። በዘጠኝ ወር ያስተማርኩት ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ እዚያች ወረቀት ላይ አለ። የኔ ሥራ ነው ማለት ነው። በገዛ አፌ፣ ከእያንዳንዱ ፎቶ ጀርባ፣ ራሴን ገለጉ ድረስ የሚወስድ መንገድ ስጠርግ ነበር።

ሌላ ቅጂ አተምኩ። ገለበጥኩት።

«የሆነልህ፦ ሁሉም። ያልሆነልህ፦ የለም። ምን ታድርግ፦ ፎቶ ቤት ቀይር።»

ሲመጣ ባንኮኒው ላይ ወረወርኩለት። አነበበና ባንኮኒውን በሁለት እጁ ያዘ።

«ስርጉት፣ አበላሽቼ አንስቼ ነበር እኮ። ሦስቱን። ለአባባ የማሳያቸው እነሱን ነበር።»

«ታዲያ?»

«አጠፋኋቸው። አንች አይደለሽማ እዚያ ላይ ያለችው። አንችን አበላሽቼ ማሳየት… አልቻልኩም።»

«አየህ ደግነት! ስለዚህ በጥሩ ብርሃን አድርገህ አሳልፈህ ሰጠኸኝ!»

«እንዲያ አይደለም…»

«ለአባትህ ለምን አልነገርካቸውም?»

«አባባን አታውቂያቸውም።»

«አውቃቸዋለሁ። ጭስ ማውጫ ያላቸው ናቸው።»

ይስቃል ብዬ ነበር። ዓይኑ እንባ አቀረረ። የጌታ ልጅ፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ፣ በጠራራ ፀሐይ! ንቄው ልሞት ደረስኩ። እንዲህ እየናቅሁት ለምን ዓይኔን ከሱ ላይ መንቀል እንዳቃተኝ አልገባኝም።

«ስማኝ፤ እትዬ ሐሚዳ ባስተማሩኝ ልንገርህ» አልኩት። «የሆነልህ፦ ታያለህ። እዚህ አገር እንዳንተ የሚያይ ሰው አላውቅም። ያልሆነልህ፦ አይተህ ዝም ትላለህ። ካሜራው ኋላ ገብተህ ነው የምትኖረው፤ አይጥ በጎተራ እንደምትኖረው።»

«ምን ላድርግ?» አለኝ፤ ድምፁ አይሰማም።

«እሱን እኔ ከነገርኩህ ምን ዋጋ አለው!»

ወጣ። መስታወቱ በር ሲዘጋ የራሴን መልክ አየሁበት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአንድ ሳምንት መስታወት ማየት ተውኩ።

ፎቶው በትራክተር ገለጉ ሄደ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን በምትኩ የመጣው ደብዳቤ አይደለም። አክስቲቱ ናቸው። እሜቴ ውባንች ይባላሉ፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ በትራክተር የጎማ መከላከያ ላይ ተቀምጠው ሁለት ቀን ዋልካ አቋርጠው የመጡ። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። አቶ ጀጃው ሲሰሙ እየሮጡ ቤታችን ደረሱ፤ አዛናው ከኋላቸው። እናቴ ወንበር እያበሰች ታስቀምጣለች፤ አባቴ ግን በራሳቸው ቤት ቆመዋል።

እሜቴ ውባንች ከደረታቸው ፎቶውን አወጡ። በላስቲክ ጠቅልለውታል።

«ይህን ልመልስ ነው የመጣሁ» አሉ።

አቶ ጀጃው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጅቱን አልወደዱልንም እመይቴ?»

«ወድጃታለሁ። ባልወዳት በሰው እልክ ነበር እንጂ እኔን በዋልካ ምን አመጣኝ!» ፎቶውን ወደ ብርሃኑ ዘረጉት። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም ጀጃው። ሰው ግን አነባለሁ። ይች ልጅ ከፊቷ የቆመ ሰው አለ። እስቲ እዩት፣ እንዲህ የሚታይ እንግዳ ነው? ማን ነው ያነሳት?»

«ኧረ ካሜራውን ነው ያየችው! ፎቶ ሲነሳ ሰው ካሜራ ነው የሚያየው።»

«ተው እንጂ! አንተ ካሜራ ስታይ አይቼሃለሁ፤ ጠላት የመጣብህ ነው የምትመስለው።» ወደ እኔ ዞሩ። «የወንድሜ ልጅ ሞኝ ነው። ሞኝነቱን አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ ያሳደግሁት። ልቧ ሌላ ቤት የቀረች ሴት አምጥቼ ዕድሜውን ሙሉ ባዶ ዓይን ሲያይ እንዲኖር ግን አልፈርድበትም።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የአባቴ ዓይን እኔ ላይ ነው፤ ቁጣ አይደለም፣ ፍርሃት ነው። ሃያ ዓመት የነዱት ትራክተር፣ የምንበላው፣ የምንከፍለው የቤት ኪራይ፣ ሁሉም በአቶ ጀጃው ግንባር ላይ ተንጠልጥሏል። አዛናው በሩ አጠገብ ቆሟል። ካሜራ አልያዘም። አሁን ደግሞ ዝም ይላል አልኩ በልቤ። ንቀቴን አዘጋጅቼ፣ አስልቼ ጠበቅሁት።

«እኔ ነኝ አባባ» አለ።

«ማንሳትህንማ አውቃለሁ! የላክሁህ እኔ አይደለሁም?»

«ማንሳቴን አይደለም።» ከበሩ ወደ መሀል ገባ። «ስርጉትን እወዳታለሁ። ከጥቅምት ጀምሮ። ገና ፎቶ አንሳት ሲሉኝ ልነግርዎት ይገባኝ ነበር፤ ፈራሁ። ፈርቼ ለሰው ልሰጣት ነበር። ጋሼ ደረበ ስለዚህ ነገር የሚያውቁት የለም። የሚቆጡ እኔን ይቆጡ፤ ከቤት የሚያስወጡም እኔን ያስወጡ። እሳቸውን ግን ከሥራቸው አይንኩብኝ።»

አቶ ጀጃው ልጃቸውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት፣ ገና ዛሬ እንደተዋወቁት። አባቴ ቀስ ብለው በርጩማ ፈልገው ተቀመጡ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች።

«አንችስ?» አሉኝ እሜቴ ውባንች። «አፍ የላትም እንዴ ይች ልጅ?»

አፍ የለኝም? እኔ? ከሽንፋ እስከ መተማ ድረስ በአፌ የምታወቅ! ከፈትኩት። ምላሴ ላይ ሁልጊዜ ተሰልፈው የሚጠብቁኝ ቃላት አንዳቸውም የሉም። ስድብ እንኳ ጠፋኝ። አዛናው ያየኛል፤ እንዳያበላሽ የሚፈራው ነገር እንዳለው ሰው፣ ትንፋሹን ይዞ። ፊቴ ሲግል፣ ዓይኔ ሲሞላ፣ ከንፈሬ ሊስቅም ሊያለቅስም ሲል ተሰማኝ። በቀን ስልሳ ፊት የማየው እኔ ይህን ፊት አላውቀውም። ልሸፍነው ሁለት እጄን አነሳሁ።

መልሼ አወረድኳቸው። ይዩኝ። አባቴም፣ ጌታውም፣ የገለጉ አክስትም፣ ሁሉም ይዩኝ።